ገመድ ያዡ ምናሴ

ዳላስ ውስጥ፣ አገር ቤት ሳለ ተራ ሰው የነበረ አበሻ ማግኘት ከባድ ነው። ታክሲ የሚነዳው ኮሎኔል ነበር፤ መጋዘን ውስጥ ካርቶን የሚጭነው የመምሪያ ኃላፊ ነበር፤ ነዳጅ ማደያ የሚሠራው ደግሞ፣ ጠጋ ብላችሁ ከሰማችሁት፣ ሚኒስትር ከመሆን ለጥቂት ነው የተረፈው። ማንም ማንንም አያጣራም። ዛሬ የእሱን ብታጣሩ ነገ የእናንተም ይጣራላ! ስለዚህ ሁሉም የሌላውን ሹመት አጽድቆ፣ የራሱንም አስጸድቆ በሰላም ይኖራል።

ምናሴም የራሱ ሹመት ነበረው። ጠላቂ ነበር። የባሕር ኃይል ጠላቂ፤ ምጽዋ ላይ፣ ዳህላክ ደሴቶች አካባቢ፣ ቀይ ባሕር ሥር ከሻርክ ጎን የዋኘ ሰው። አሁን አየር ማረፊያው ውስጥ ከሩቁ ፓርኪንግ ወደ ተርሚናል መንገደኛ የሚያመላልስ አውቶቡስ ይነዳል፤ አበሾቹ ሹፌሮች ግን ሁሉም «ጠላቂው» ነው የሚሉት። ሠርግ ላይ ወንዶቹ አንድ ጥግ ሲሰበሰቡ፣ «እስቲ ጠላቂው፣ ያችን የሻርኳን ወሬ አምጣት» ይባላል። ምናሴ ብርጭቆውን ያስቀምጥና ይጀምራል። ውሃው በደሴቶቹ መካከል እንደ ክረምት ወንዝ እንዴት እንደሚሮጥ፣ ጠላቂው ራሱን ለጅረቱ ሰጥቶ ሳይዋኝ እንዴት እንደሚሄድ፣ ከሆዱ ሥር ኮራል የሚባለው የባሕር ድንጋይ ሜዳ ቀይና ወይን ጠጅ እየሆነ እንዴት እንደሚያልፍ፣ ሻርኳም በጎን መጥታ በአንድ ዓይኗ ገረፍ አድርጋው እንዴት እንደምትሄድ ይናገራል። ሲናገር አንድም ቃል አይዛነፍም። ለምን ይዛነፋል? የሚያወራው ነገር በሙሉ እውነት ነው።

እውነት ያልሆነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያን ሁሉ ያየው እሱ አልነበረም።

ምናሴ ገመድ ያዥ ነበር። ባሕር ኃይል በገባ በመጀመሪያው ወር እንደ ሌሎቹ ምልምሎች ውሃ ሥር አውርደውት፣ ትንፋሽ አጥሮት፣ እየተንፈራገጠ ወጣ። ሁለተኛም ሞከሩት፤ ያው ሆነ። አዛዡ አልተቆጡም። ጀልባው ላይ አስቀመጡትና ገመድ ሰጡት። በእነሱ ክፍል ጠላቂ ብቻውን አይወርድም። ወገቡ ላይ ገመድ ይታሰርለታል፤ የገመዱ ሌላኛው ጫፍ ጀልባው ላይ ካለ ሰው እጅ አይለይም። ጀርባው ላይ የሚያዝለውን ታንክ በኮምፕረሰር አየር የሚሞላለት ያ ሰው ነው። ጅረቱ ወዴት እንደዞረ የሚያየውም እሱ ነው፤ ከታች የሚወጣውን አረፋ እያየ ደህና ነው፣ ደክሞታል፣ ፈርቷል የሚለውም እሱ ነው። ማታ አዛዡ መዝገቡ ላይ ሁለት ስም ይጽፋሉ፤ የወረደውንና የያዘውን። ሁለቱም ሰዎች «ዛሬ ሃያ ሜትር ጠለቅን» ይላሉ፤ ማንም አይስቅባቸውም።

ስለዚህ ከየመን የስደተኛ ካምፕ ዳላስ መጥተው ቪከሪ ሜዶ አፓርታማ በገቡበት ዓመት፣ ጎረቤቶች «አገር ቤት ሥራችሁ ምን ነበር?» ሲሏቸው፣ «ጠላቂዎች ነበርን» ያለው ሸምሱ ራሱ ነው። ሸምሱ የእውነት ጠላቂ ነው፤ ያን ሁሉ ኮራልና ያችን ሻርክ ያየው እሱ ነው። በእነሱ ልማድ መልሱ ውሸት አልነበረም። ውሸት የሆነው አንዱ ጎረቤት ወደ ምናሴ ዞሮ «ሻርክ አይተሃል?» ሲለው ምናሴ «እንዴታ!» ያለ ቀን ነው። ሸምሱ አጠገቡ ነበር። ሻዩን አማሰለና ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ አሥራ አምስት ዓመት ዝም እንዳለ ነው።

የምናሴ ሚስት ዓለምጌጥም ታውቃለች። «ራስህ ገብተህበታል፣ ራስህ ውጣበት» ብላ ትታዋለች። የማታውቀው ልጃቸው ሊና ብቻ ናት። ሊና ዳላስ ስትመጣ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ያኔ አማርኛ እንዳትረሳ ብሎ ምናሴ ሁልጊዜ የባሕሩን ታሪክ ይነግራታል፤ እሷም ጭኑ ላይ ቁጭ ብላ መዳፎቹን ትዳብሳለች። በሁለቱም መዳፎቹ ላይ፣ ከአውራ ጣቱ ሥር እስከ ትንሿ ጣቱ ድረስ፣ ወፍራም ጠባሳ ተጋድሟል። «ይሄ ምንድን ነው አባ?» ስትለው፣ «ኮራል ቆርጦኝ ነው» አላት። አራተኛ ክፍል ስትደርስ ተማሪ ሁሉ ስለ ቤተሰቡ እንዲናገር ታዘዘ። ሊና በካርቶን ላይ ባሕርና ሻርክ ስላ፣ ከሻርኩ ጎን አባቷን ስላ ክፍሉ ፊት ቆመች። ያ ካርቶን ዛሬም ድረስ የዓለምጌጥ ቁም ሳጥን አናት ላይ አለ። ምናሴ ልብስ ሊያወጣ በሄደ ቁጥር ዓይኑን ከእሱ ላይ ያነሳል።

አሁን ሊና ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ፕሌኖ ውስጥ ትልቅ መሥሪያ ቤት ገብታ፣ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ ምናሴ ሊያስረዳው የማይችለውን ሥራ ትሠራለች።

የምናሴ ልደት እንደ ብዙዎቻችን ጃንዋሪ አንድ ነው፤ የካምፑ ጸሐፊ ትክክለኛው ቀን ቢጠፋው የሞላለት ነው። በሁለት ሺህ ስምንት፣ ጃንዋሪ አንድ፣ ስልሳ ዓመት ሞላው። ሊና ኬክ ይዛ መጣች፤ ከኬኩ ሥር ፖስታ ነበር።

«ኦኬ አባ፣ ክፈተው።»

ከፈተው። የባሕር ሥዕል ያለበት ወረቀት ነው፤ እንግሊዝኛው በዝቶበት ቀና ብሎ አያት።

«ኮዙሜል!» አለች ሊና፤ ደስታዋን መያዝ አቅቷታል። «ሜክሲኮ ያለች ደሴት ናት። ሁለታችንንም ሳይን አፕ አድርጌያለሁ። ሜይ ላይ ነው። ድሪፍት ዳይቭ ይሉታል አባ፣ ማለቴ፣ ልክ አንተ እንደምትለው! አትዋኝም፣ ጅረቱ ይወስድሃል፤ ከሥርህ ኮራል አለ፣ ሻርክ አለ። እኔ ላይሰንስ አውጥቻለሁ። ስድስት ወር ሙሉ ደብቄህ ሐይቅ ውስጥ ስማር ነበር። የቴክሳስ ሐይቅ ደግሞ ጭቃ ነው፤ የራስህን እጅ አታይም። ሶ፣ አንተ የድሮ ወረቀትህ ስለጠፋ እዚህ ፑል ላይ ትንሽ ክላስ ትወስዳለህ። ላንተ ምንም አይደለም።»

ዓለምጌጥ ኬኩን እየቆረጠች ነበር። ቢላዋውን አንድ አፍታ አቁማ ሥራዋን ቀጠለች።

ምናሴ የጠየቀው ጥያቄ ራሱንም ገረመው። «ገመዱን ማን ይይዛል?»

«የምን ገመድ?»

«ወገባችሁ ላይ የሚታሰረውን።»

ሊና ሳቀች። «አባ፣ ገመድ የለም! ያ ድሮ ነው። ቦቱ ከላይ ሆኖ አረፋህን ፎሎ ያደርጋል።»

ምናሴም ሳቀ፤ አፉ ብቻ ነው የሳቀው። የውሸቱ መገለጥ አንድ ነገር ነው። ልጁ፣ አንድ ልጁ፣ በጅረት ውስጥ፣ ሻርክ መሐል፣ በገመድ ሳትታሰር ልትወርድ መሆኑ ደግሞ ሌላ ነው። የትኛው የበለጠ እንዳስፈራው ራሱም አላወቀም።

ማርች ላይ ፕሌኖ ወዳለው ገንዳ ወሰደችው። የጠላቂ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ጀርባ፣ ጣራ ያለው የሞቀ ገንዳ ነው። ከእሱ ጋር የሚማሩት ሁሉም ልጆች ናቸው፤ ትልቋ አሥራ አራት ቢሆናት ነው። አስተማሪው፣ ከርቲስ የሚባል ፂማም የቴክሳስ ሰው፣ ታንኩንና የመተንፈሻ ቱቦውን እንዴት እንደሚገጥሙ ሊያሳያቸው ዕቃውን ደረደረ። ምናሴ አልጠበቀውም። እጁ ከሃያ ዓመት በኋላ ራሱ አስታወሰ። የታንኩን አፍ በጥቂቱ ከፍቶ አየሩን አሸተተ፤ ዘይት ዘይት አይልም፤ ጎማውን በጥፍሩ ዳበሰ፣ ገጠመው፣ ጆሮውን ሰጥቶ የሚያፈስ ነገር እንዳለ አዳመጠ። ሁለት ደቂቃም አልፈጀበት። ከዚያ ልማዱ ስለሆነ የአጠገቡን ልጅም ገጠመላት፤ የእሷን ከራሱ ይልቅ ሁለቴ መረመረው።

ከርቲስ ቆሞ አየው። «የት ነው የተማሩት?»

«ባሕር ኃይል።»

«ይታያል» አለ ከርቲስ፤ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ። ከገንዳው ማዶ ወንበር ላይ የተቀመጠችው ሊና ፊቷ በራ። ሰው በአባቱ ሲኮራ እንዴት እንደሚያምርበት ምናሴ ያኔ አየ፤ ምነው ባላየሁ ብሎም ተመኘ።

ከዚያ ውሃ ውስጥ ግቡ ተባለ። እስከ ደረቱ ገባ። ጭንቅላት አስገቡ ተባለ፤ አስገባ። ውሃው ጆሮው ላይ ሲዘጋ የዛሬ አርባ ዓመቱ ትንፋሽ ማጣት፣ ቦታውን ሳይረሳ፣ ጉሮሮው ላይ መጥቶ ተቀመጠ። ቱቦውን ተፍቶ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ እያሳለ ቆመ። ቅድም ዕቃ የገጠመላት ልጅ ጀርባውን መታ መታ አደረገችለት።

«ምን ሆንክ አባ?» ሊና የገንዳው ጠርዝ ላይ ተንበርክካ ነበር።

«ጆሮዬ» አለ። «የድሮ በሽታዬ ነው።»

በሚቀጥለው ሳምንት ጉንፋን ያዘው። በሦስተኛው ሳምንት የሥራ ተራው ተቀየረ። በአራተኛው ሊና የሐኪም ቀጠሮ ልትይዝለት ስልክ ስታነሳ ጊዜ፣ ምናሴ መኪናውን አስነስቶ ፎርት ዎርዝ፣ ሸምሱ ቤት ሄደ።

ሸምሱ በረንዳው ላይ በቀለም ባልዲ የተከላቸውን ቃሪያዎች ያጠጣ ነበር። ስኳር አለበት፤ ግራ ጆሮውን ባሕሩ ወስዶበታል። ምናሴ በቀኝ በኩል ሄዶ ተቀመጠ።

«አስተምረኝ» አለው።

«ምኑን?»

«መጥለቁን።»

ሸምሱ ጣሳውን አስቀምጦ ሳቀ። ዕንባው እስኪመጣ ሳቀ። ምናሴ አኩርፎ ጠበቀው፤ ሳቁ ሲያልቅ የሊናን ነገር፣ የፖስታውን፣ የገንዳውን ሁሉንም ነገረው። በመጨረሻም፣ «ያለ ገመድ ነው የምትወርደው፣ ሸምሱ» አለ።

ሸምሱ ዕንባውን ጠረገ። «የሚያስፈራህ የቱ ነው? የገመዱ ነገር ነው ወይስ ውሸትህ?»

«ሁለቱም።»

«አንዱን መርጠህ ፍራ። በስልሳ ዓመትህ ሁለት ፍርሃት አትሸከምም።» ከዚያ የቃሪያውን ቅጠል እያገላበጠ፣ ወደ ምናሴ ሳያይ ቀጠለ። «አሥራ አምስት ዓመት ዝም ያልኩህ ለምን ይመስልሃል? አፍሬልህ አይደለም። በእኔ ዓይን አልዋሸህማ። እኔ አንድም ቀን ብቻዬን ወርጄ አላውቅም። ግን አንተ ራስህ በሠራኸው ሥራ ታፍራለህ። እሱ ነው የሚያናድደኝ። ሰው ሁሉ የእኔን ሻርክ ከአንተ አፍ ሲሰማ፣ ያንተን ገመድ ግን ማንም ሰምቶት አያውቅም። ሂድና ለልጅቷ ንገራት።»

ምናሴ ተናዶ ወጣ። እውነት የነገረውን ሰው ወዲያው ማመስገን የሚችል ማን አለ? መኪናው ውስጥ ገብቶ እስከ ዳላስ ድረስ ከሸምሱ ጋር ብቻውን ተከራከረ፤ ተሸነፈም።

ቅዳሜ ሊና ወደ ገንዳው ልትወስደው መጣች። ሀይዌዩ ላይ እንደወጡ፣ «ቀጥሎ ባለው መውጫ ውጪና ፓርክ አድርጊው» አላት። አንድ የጎማ መሸጫ ፊት ለፊት ቆሙ። ምናሴ ሁለት መዳፎቹን ዘረጋላት፤ ልጅ ሳለች እንደሚዘረጋላት።

«ይሄ የኮራል አይደለም» አለ። «የገመድ ነው።»

ነገራት። ውሃ ሥር ወርዶ እንደማያውቅ፣ ሁለቴ ሞክሮ እንደፈራ፣ ገመድ ያዥ እንደነበረ ነገራት። አንድ ቀን ከዳህላክ ውጭ ሸምሱ ታች ሳለ ጅረቱ በድንገት ዞሮ ወደ ጥልቁ ሲወስደው፣ ገመዱ በሁለት እጁ ውስጥ እየሮጠ ሥጋውን ሲበላው እንዳልለቀቀ፣ እግሩን የጀልባው ጠርዝ ላይ ተክሎ ሸምሱ እስኪወጣ ድረስ እንደያዘው ነገራት። ይህን ታሪክ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ለማንም ተናግሮት አያውቅም፤ ቢናገረው ማን እንደሆነ ይታወቅበታላ።

ሊና መሪውን በሁለት እጇ እንደያዘች ነው። «ሶ፣ ሻርኩ?»

«ሸምሱ ነው ያየው።»

«ኮራሉስ?»

«ሸምሱ።»

«ፎርዝ ግሬድ እያለሁ ክላሱ ሁሉ ፊት ቆሜ...» ቃሏን አልጨረሰችውም። ዕንባዋ ግን መጣ፤ በእጅጌዋ ጠረገችው። «እኔ እኮ አንተን ልሁን ብዬ ነው እዚያ ጭቃ ውስጥ የገባሁት።»

ምናሴ መዳፎቹን ሰበሰበ። ከልቡ አፈረ። በመጨረሻ፣ «አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ» አለ። «ጀልባው ላይ ልሁን። አልወርድም፣ አላስቸግርሽም። ስትወርጂ ግን ላይ ልሁን።»

ሊና መኪናውን አስነሳች። ወደ ገንዳው ሳይሆን ወደ ቤቱ መለሰችው። በሩ ላይ ሲወርድ፣ «ትኬቱ ተገዝቷል» አለችው፤ ሄደች።

ሜይ ላይ ኮዙሜል ሄዱ። አውሮፕላን ውስጥ ሊና መስኮት ዳር ተቀምጣ ሙዚቃ አደመጠች። ምናሴ አልተቀየማትም፤ ወንበሩ ከወንበሯ አጠገብ መሆኑ በቅቶታል።

ማለዳ ጀልባው ከደሴቷ ወጣ። ከፕሌኖ የመጡ ስድስት ጠላቂዎች፣ ሊና ሰባተኛ፣ የአገሩ መሪ ስምንተኛ። ጀልባ ነጂው ፀሐይ ያጠቆረው ሽማግሌ ነው፤ ከስፓኒሽ ሌላ አያውቅም። ምናሴ የባሕሩን ሽታ ሲያገኘው ሃያ ዓመት ከላዩ ወረደለት። ማንም ሳያዘው የሊናን ታንክ ከፍቶ አሸተተ፣ ጎማውን ዳበሰ፣ ቀበቶዋን አጠበቀ። ሊና እጇን አንስታ እንዲያጠብቅላት ተወችው። ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ኋላ እየተገለበጡ ገቡ። የእግሯ ሰማያዊ መቅዘፊያ አንዴ ብልጭ ብሎ ጠፋ።

ምናሴ የጀልባው አፍንጫ ላይ ቆሞ መቁጠር ጀመረ። ውሃው ላይ አረፋ ይወጣል፤ አንድ ቦታ የፈላ ይመስላል። ስምንት። ጅረቱ ወደ ሰሜን ይሮጣል፤ አረፋዎቹም አብረው፣ ጀልባውም ከኋላቸው። ሽማግሌው፣ ከሥር ያለው የጠላቂዎቹ መሪ የሚጎትተውን ቀይ ተንሳፋፊ እያየ ይነዳል፤ ሥራውን ያውቃል። ግማሽ ሰዓት እንዲህ አለፈ። ምናሴ ዓይኑን አልጨፈነም፤ ዓይኑን ላፍታ እንዳያነሳ በወጣትነቱ የተማረው አልጠፋበትም።

ስምንት። ስምንት። ሰባት።

ስምንተኛው ከኋላ ነበር። ቆሟል። ሰባቱ ሲሄዱ እሱ ባለበት ይፈላል። ቀጥሎ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ግን ወደ ሰሜን አይደለም። በግራ በኩል፣ ውሃው ቀለሙን ወደሚያጠቁርበት፣ ወደ ጥልቁ ነው። አረፋው ረጋ ያለ ነው፤ ትልልቅና እኩል እኩል። የፈራ ሰው ትንፋሽ አይደለም። የት እንዳለ ያላወቀ ሰው ትንፋሽ ነው። የማን እንደሆነ ምናሴ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገውም። ከጀልባው ላይ ሲገቡ ጀምሮ ያን አረፋ ለይቶ ይዞታል።

«አንዷ ተለይታ ሄደች!» ብሎ በአማርኛ ጮኸ። ቀኝ ክንዱን ወደ አረፋው ዘረጋ። ሽማግሌው በስፓኒሽ መለሰ፤ ቀዩን ተንሳፋፊ አሳየው፣ ሁሉም እዚያ ናቸው ማለቱ ነው። ምናሴ በግራ እጁ ሰባት ቆጠረለት፤ ከዚያ አንድ ጣት አንስቶ ክንዱ ወደዘረጋበት አሳየው። ሽማግሌው ዓይኑን አጥብቦ አየ። ፀሐዩ ውሃው ላይ ይንቦገቦጋል፤ ምንም አይታየውም። የአበሻውን ፊት አየ፤ የተዘረጋውን ክንድ አየ። ሬዲዮኑን አንስቶ ሌላ ጀልባ ሰባቱን እንዲጠብቅ ጠራ። መጥቶ እስኪቆም ጠብቆ፣ መሪውን ወደ ግራ አዞረ።

ምናሴ ክንዱን አላወረደም። ጀልባው ሲዞር ክንዱም ይዞራል፤ አረፋው በማዕበል መሐል ሲጠፋ ክንዱ የጠፋበትን ቦታ ይጠብቃል፤ ሲመለስ እዚያው ያገኘዋል። ትከሻው መጀመሪያ ደነዘዘ፣ ቀጥሎ ነደደ፣ ከዚያ የሌላ ሰው ትከሻ መሰለው። ሩብ ሰዓት ያህል እንዲህ ሄዱ። ፍርሃት ነበረበት ወይ? በጣም ነበረበት። ግን ሸምሱ እንዳለው አንዱን ፍርሃት ጎማ መሸጫው ፊት ለፊት ጥሎት ስለመጣ፣ ይሄኛውን በደንብ መያዝ ቻለ።

ሊና ወጣች። ከጀልባው አሥር ክንድ ርቀት ላይ፣ ልክ የአባቷ ጣት ባመለከተበት ቦታ ጭንቅላቷ ብቅ አለ። ጭንብሏን ግንባሯ ላይ አድርጋ መጀመሪያ ያየችው እሱን ነው።

«ሻርክ አየሁ!» ብላ ጮኸች። «አባ፣ ኮራሉ ሥር ተኝታ ነበር፣ ቆሜ ሳያት ተነስታ...» ከዚያ ዙሪያዋን አየች። ደሴቷ ቀጭን መስመር ሆናለች። ሌላው ጀልባ ሩቅ ነው። ወደ ጀልባው መዋኘት ጀመረች።

ምናሴ መሰላሉን በአንድ እጁ አወረደላት። ቀኝ ክንዱ እንቢ ብሎታል። ሽማግሌው መጥቶ ክንዱን በቀስታ አጠፈለትና ባርኔጣውን አውልቆ አንድ ነገር በስፓኒሽ ተናገረ። ምን እንዳለ ምናሴ አልሰማም፤ ገባው ግን። ሊና ፎጣ ተጠቅልላ አጠገቡ ተቀመጠች። የአባቷን መዳፍ አንስታ ጠባሳውን በጣቷ ተከተለችው፤ ስለ ውሸቱ ግን እዚያም፣ ዳላስ ሲመለሱም፣ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ጁን ላይ የቀድሞ ሠራዊት አባላት እንደየዓመቱ ፕሌኖ ፓርክ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሥጋ ይጠበሳል፤ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ዓለምጌጥ ከሴቶቹ ጋር፣ ሊና ከእናቷ አጠገብ፣ ሸምሱ ጥላ ሥር ነው። ጌትነት፣ ሁሉም «ኮሎኔሉ» የሚለው ወፍራም ታክሲ ነጂ፣ ቢራውን ከፍ አደረገ።

«ጠላቂው! ከልጅህ ጋር ባሕር ገባህ አሉ! በል አምጣት፣ አዲሲቱን ሻርክ አምጣት!»

ወንዶቹ ወንበራቸውን አስጠጉ። ምናሴ ወደ ሊና አየ። ሊና አላየችውም፤ ሣሩን ታያለች። ምርጫውን ለእሱ ትታለታለች። ብርጭቆውን አስቀምጦ ተነሳ።

«ሻርኳን ያየችው ልጄ ናት» አለ። «የፊተኛይቱን ደግሞ ሸምሱ ነው ያያት። እኔ ሻርክ አይቼ አላውቅም። ጠልቄም አላውቅም።»

ሥጋው ብቻ ነው የተንጫጫው።

«ታዲያ ምን ነበርክ?» አለ ጌትነት፤ ዝምታው እሱንም ያስፈራው ይመስላል።

ምናሴ ደረቱን ነፋ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በዚያ ቃል ደረቱን ነፍቶ አያውቅም። «ገመድ ያዥ» አለ። «ሃያ አንድ ዓመት ገመድ ያዥ ነበርኩ። ከእጄ ላይ ወርዶ ሳይመለስ የቀረ ሰው የለም። አንድም።»

ሸምሱ ከጥላው ሥር ተነስቶ መጣ። ምንም ሳይናገር ሸሚዙን ከሱሪው ውስጥ መዝዞ ገለጠ። ወገቡን ዞሮ የሄደ ወፍራም ጠባሳ አለ። «ይሄ የገመዱ አንድ ጫፍ ነው» አለ። «ሌላኛው ጫፍ እሱ እጅ ላይ ነው። እጅህን አሳያቸው አንተ!»

ምናሴ መዳፎቹን ዘረጋ። ወንዶቹ ከወገቡ ወደ መዳፉ፣ ከመዳፉ ወደ ወገቡ አዩ። በመጨረሻ ጌትነት ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ ቀኑ የእውነት ከሆነ» አለ፣ «እኔም ኮሎኔል አልነበርኩም። የግምጃ ቤት ሻምበል ባሻ ነበርኩ። ግን አንድ ብርድ ልብስ ጎድሎብኝ አያውቅም!»

ሳቁ ፓርኩን ሞላው፤ ዓለምጌጥ «ተመስገን፣ ወጣልኝ!» ስትል ተሰማ። ሳቁ ገና ሳያልቅ ሊና መኪናዋ ጋ ሄዳ ተመለሰች። አንድ ቀጭን ደብተር ይዛለች፤ ጠላቂዎች እያንዳንዷን የወረዱባትን ቀን የሚጽፉበት ነው። ገልጣ አባቷ እጅ ላይ አደረገችው። ቀኑ፣ ደሴቷ፣ ጥልቀቱ፣ «አንድ ሻርክ» የሚለው ሁሉ በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ከታች ግን በተንጋደደ የልጅ አማርኛ፣ ፊደል እየቆጠረች የጻፈችው ሁለት መስመር አለ። «የወረደችው፦ ሊና ምናሴ» ይላል አንዱ። ሌላው «ገመድ የያዘው» ይልና ቦታው ባዶ ነው።

«ከኮዙሜል ከመጣን ጀምሮ እንዲሁ ባዶ ነው» አለች። «አንተ ራስህ በሰው ፊት እስክትለው ነው የጠበቅሁት።»

ምናሴ ባዶውን መስመር አየ። ቀልድ ፈለገ። «ገመድ እኮ አልነበረም» አላት።

«ክንድህ ነበረ አባ» አለች ሊና፤ እስክሪብቶውን ከፍታ ሰጠችው። ከዚያ ወደ ወንዶቹ ዞራ፣ በዚያው በሚሰባበር አማርኛዋ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ፣ «እኔና አባቴ ሃያ ሁለት ሜትር ጠለቅን» አለች።

ማንም አልሳቀም። ምናሴ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ስሙን ከነአባቱ ጻፈ።